'ምቧ ካሊ'፦ የናይሮቢ የጥበቃ ውሾች ለምን ይናከሳሉ? የባለቤቶቻቸውስ ኃላፊነት ምንድን ነው?

በናይሮቢ የመኖሪያ ሰፈሮች የሚመላለስ ሰው በየብረት በሩ ላይ ደጋግሞ የሚያያቸው ሁለት የስዋሂሊ ቃላት አሉ፤ 'ምቧ ካሊ'። ትርጉማቸው 'ኃይለኛ ውሻ' ነው። አንዳንዱ ማስታወቂያ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ሌላው የውሻ ምስል ታክሎበት በቆርቆሮ ላይ ታትሟል። 'ተናካሽ ውሻ አለ' የሚል ጽሑፍ እያየ ላደገ የአዲስ አበባ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ማስታወቂያው የተሰቀለው ሌባን ለማስፈራራት ነው። ከበሩ በስተጀርባ ያለው የውሻ ሕይወት ግን ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ የከፋ ነው። በብዙ ግቢዎች የጥበቃ ውሻ ቀኑን የሚያሳልፈው ከእንጨት ወይም ከሽቦ በተሠራች ጠባብ ቤት ውስጥ ተዘግቶበት ነው። ሲመሽ ይለቀቃል፤ ሲነጋ ተመልሶ ይገባል። የሰው ድምፅ ይሰማል እንጂ ሰው አያይም። ባለቤቶች ይህን የሚያደርጉት ሰው ያልለመደ ውሻ ሌሊት ይበልጥ ኃይለኛ ይሆናል ብለው በማመን ነው። ስለ ውሻ ጠባይ የሚታወቀው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

የቡችላ ጠባይ በአብዛኛው የሚቀረጸው ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ሳምንታት ሕፃናትን፣ እንግዶችን፣ የሞተር ብስክሌት ጩኸትንና ሌሎች ውሾችን ያለ ጉዳት የተዋወቀ ቡችላ ሲያድግ አይደነግጥባቸውም። ያልተዋወቀው ግን አዲስ ነገር ሁሉ አደጋ ይመስለዋል። ውሻ በአብዛኛው የሚናከሰው ጀግና ስለሆነ ሳይሆን ስለፈራ ነው። የፈራ ውሻ ደግሞ ሌባውን ከወተት አመላላሹ፣ ዘራፊውን ከልጆች ጓደኛ አይለይም። 'ውሻ በበላበት ይጮኻል' እንደሚባለው፣ ከጥሩ የጥበቃ ውሻ የሚፈለገው መጮኹና ማስጠንቀቁ፣ ባለቤቱ ሲያዘውም ዝም ማለቱ ነው።

ሥልጠናም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ውሻ አንድን ድርጊት ከውጤቱ ጋር የሚያያይዘው ውጤቱ ወዲያውኑ፣ በሰከንዶች ውስጥ ሲከተል ነው። 'ተቀመጥ' ሲባል የተቀመጠ ቡችላ በዚያው ቅጽበት ቁራሽ ሥጋ ወይም ሙገሳ ካገኘ ነገ ይደግመዋል። ጠዋት ጫማ ስላበላሸ ማታ በዱላ የሚመታ ውሻ ግን የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጌታው ማታ ሲመጣ መሸሽ እንዳለበት። ከዚህ የባሰው ስህተት ሲያጉረመርም መምታት ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ማስጠንቀቂያውን የተነጠቀ ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያጉረመርም ይነክሳል።

ከማጉረምረም በፊት የሚታዩ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ውሻው በድንገት ደርቆ ይቆማል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፣ የዐይኑ ነጭ ይታያል፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ይቀብራል። ልጆች እነዚህን ምልክቶች ማወቅ ይችላሉ። እየበላ ወይም ተኝቶ ያለን ውሻ እንዳይነኩ፣ የማያውቁት ውሻ ሲቀርባቸውም ከመሮጥ ይልቅ እጃቸውን ሰብስበው ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ማስተማር ያስፈልጋል።

ስለ ምግብም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በናይሮቢ ብዙ የግቢ ውሾች የሚመገቡት ኡጋሊ በትንንሽ የደረቀ ዓሣ ነው፤ በኢትዮጵያውያን ቤት ደግሞ የወጥ ትራፊ የተለመደ ነው። የወጥ መሠረት የሆኑት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳሉ። ተቀቅሎ የሚሰነጠቅ የዶሮ አጥንትም አንጀት ሊበሳ ይችላል።

ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ በሽታ

የውሻ ንክሻ ከቁስሉ በላይ የሚያስፈራው በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ነው። በኬንያ በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1912 በናይሮቢ ዳርቻ በሚገኝ ውሻ ላይ ነበር። በሰው ላይ የተመዘገበው ደግሞ በ1928 ነው። ዛሬም በአገሪቱ በየዓመቱ 2,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። በኢትዮጵያ በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ወረርሽኝ መከሰቱ፣ በ1903 ደግሞ አዲስ አበባ መድረሱ ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው በዓለም ዙሪያ በዓመት 59,000 ገደማ ሰዎችን ይገድላል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ሲሆን፣ ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

ቫይረሱ በውሻው ምራቅ በኩል ወደ ቁስሉ ይገባና በነርቭ ተጉዞ አንጎል ይደርሳል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን እጅግ ብርቅ ነው። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ያለው ጊዜ ግን የመትረፊያ ጊዜ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ አለበት፤ ሳሙናው ቫይረሱን የሸፈነውን የስብ ሽፋን ያፈርሰዋል። ከዚያ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር ይኖርበታል። ቁስል ላይ በርበሬ፣ ዘይት ወይም ቅጠል ማድረግ ጊዜ ከማባከን አልፎ ጉዳቱን ያባብሳል። ጸበል መሄድ የሚሻ ሰው ክትባቱን ጀምሮ መሄድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ነካሹን ውሻ ወዲያው መግደል የብዙዎች የመጀመሪያ ስሜት ነው። በደኅና ማሰር ከተቻለ ግን ለ10 ቀናት መጠበቁ ይሻላል። ሲነክስ ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ ከነበረ በእነዚህ ቀናት ይታመማል፣ ይሞታልም። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ የተነከሰው ሰው ቤተሰብ ከትልቅ ጭንቀት ይገላገላል። ክትባቱ ግን ይህን ውጤት ለመጠበቅ ሲባል መዘግየት የለበትም።

መመረዝ ወይስ መከተብ?

በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ ለባዘኑ ውሾች ሲሰጥ የኖረው መልስ በአብዛኛው መርዝ ነበር። መርዙ ውሻውን በሥቃይ ይገድላል፤ በሽታውን ግን አይገድልም። በሞቱት ቦታ ከአጎራባች ሰፈር የመጡ ያልተከተቡ ውሾችና አዳዲስ ቡችላዎች ይተካሉ፤ የተከተቡትም አብረው ያልቃሉ። የበሽታውን ሰንሰለት የሚበጥሰው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶውን መከተብ ነው። ሜክሲኮ ለዓመታት ውሾቿን በነፃ በጅምላ ከከተበች በኋላ፣ በ2019 በውሻ የሚተላለፈውን በሽታ የሰው ሞት ምክንያት ከመሆን ማስቆሟን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል።

ኬንያም በ2014 ባወጣችው ስትራቴጂ እስከ 2030 ተመሳሳይ ውጤት ላይ ለመድረስ አቅዳለች። የናይሮቢ ከተማ አስተዳደር ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ስለ ውሾች ቁጥጥርና ደኅንነት የራሱ ሕግ አለው። ሕጉ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው፤ ውሻው ግን በግቢ ውስጥ ነው፤ ስለዚህም ሥራው የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ነው። ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም እንደ ክትባቱ ዓይነት ይቀጥላል። የአንድ ውሻ የዓመት ክትባት ዋጋ አንድ የተነከሰ ሰው ከሚያስፈልገው ተከታታይ ክትባት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ማምከንም የዚሁ ኃላፊነት አካል ነው። አንዲት ሴት ውሻ በዓመት እስከ ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች፤ ባለቤት የማይገኝላቸው ቡችላዎች መጨረሻቸው ጎዳና ነው። 'የተኮላሸ ውሻ አይጠብቅም' የሚለው እምነት በናይሮቢም በአዲስ አበባም ይሰማል፤ ውሻ ግቢውን የሚጠብቀው ግን አካባቢዬ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። በ1910 የተመሠረተው የኬንያ የእንስሳት ጥበቃና እንክብካቤ ማኅበር በካረን ሰፈር ባለው መጠለያው የተጣሉ ውሾችን ተቀብሎ አዲስ ባለቤት ይፈልግላቸዋል።

ወደ እንዲህ ያለ መጠለያ ከሚያደርሱት ምክንያቶች አንዱ የባለቤት ከአገር መውጣት ነው። ናይሮቢ ዲፕሎማቶች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞችና ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ የሚጠባበቁ ስደተኞች የሚፈራረቁባት ከተማ ናት። ውሻውን ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር መሄድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማይክሮቺፕ ያስቀብርለታል፣ ያስከትበዋል። ቢያንስ ከ30 ቀናት በኋላ የደም ምርመራ ይደረጋል፤ ከምርመራው በኋላም ሦስት ወር መጠበቅ ግዴታ ነው። በድምሩ አራት ወር ማለት ነው። ትኬት ቆርጦ ሻንጣ ማሰር ሲጀምር ውሻውን ያስታወሰ ሰው፣ ለእርሱ ሌላ ቤት ከመፈለግ በቀር አማራጭ አይኖረውም።