ግመልና ዘንዶ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ከሚያስተምሩ መጻሕፍት መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው፣ ስለ ዱር አራዊት የተጻፉ ሊመስሉት ይችላሉ። ኦራይሊ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በሽፋኖቹ ላይ እንስሳ ማተም ልማዱ ነውና። ሐሳቡን ያመጣችው ሠዓሊ ኢዲ ፍሪድማን ናት፤ የፕሮግራሞቹ ስም ለጆሮዋ እንግዳ ስለ ሆነባት፣ እንግዳ አውሬ ይስማማቸዋል ብላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹ ሥዕሎችን መረጠች።

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የፐርል ቋንቋ መጽሐፍ ግመል ስለ ተሣለበት፣ እስከ ዛሬ «የግመሉ መጽሐፍ» ይባላል። ግመል መልኩ ባያምርም ጭነት ይችላል፤ ፐርልም እንዲሁ ነው ይላሉ ወዳጆቹ። (ጠላቶቹ የሚስማሙት በመልኩ ብቻ ነው።)

ፓይተን የተባለው ቋንቋ ስሙን ያገኘው ሞንቲ ፓይተን ከተባሉት የእንግሊዝ ቀልደኞች እንጂ ከእባብ አይደለም። ሆኖም ላወቁት የተጻፈው መጽሐፍ ዘንዶ ሲሣልበት፣ ለጀማሪዎች የተጻፈው አይጥ ተሣለበት። እንግዲህ ማን ማንን እንደሚውጥ ጀማሪው ራሱ ይገምት!

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው የሌላ አሳታሚ የሆነውን፣ አሆ፣ ሴቲና ኡልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙትን ነው። መጽሐፉ ስለ ኮምፓይለር፣ ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ኮምፒዩተሩ ቋንቋ ስለሚመልሰው ሥራ ያስተምራል። በሽፋኑ ላይ አንድ ጦረኛ ቀይ ዘንዶ ይገጥማል፤ የዘንዶውም ስም «የኮምፓይለር አሠራር ውስብስብነት» ነው። ሌሎቹ አውሬዎች ስለ ትምህርቱ ክብደት ዝም ሲሉ፣ ይህኛው ገና ሳይገለጥ እውነቱን ይናገራል።

ችግሩ፣ በአማርኛችን ያኛውም ይህኛውም ዘንዶ መሆኑ ነው። ከመጻሕፍት ቤት ለመዋስ የምትሄዱ ጓደኞቼ፣ «ክንፍ ያለውን» ብላችሁ ጠይቁ።