ሞርሳ በመንጋጋው ነው የሚገዛው

አባቴ ሐዋሳ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጋራዥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብለን እኔ ወደምኖርበት ሚኒሶታ፣ አሜሪካ አመጣናቸው። የመጡት በጥቅምት ነው። በኅዳር በረዶው ጣለ፤ ከዚያ ወዲህ የአባቴ ዓለም ከመኝታ ክፍላቸው እስከ ሳሎኑ መስኮት ሆነ። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ጠዋት ስገባ ጋቢያቸውን ደርበው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ ማታ ስወጣም እዚያው ትቻቸው እሄዳለሁ። የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነበር፤ «የመመለሻዬ ቲኬት ለመቼ ነው?»

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ደግሞ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይመልስም። አያቱ «ደህና ዋልክ ወይ?» ሲሉት በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ጣል አድርጎ ወደ ክፍሉ ይገባል። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ በቀን የሚለዋወጡት ቃል ከአምስት አይበልጥም ነበር። እኔ በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ሆኜ ደከመኝ። ያገናኘልኝ አንድ የብረት ዕቃ ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ግን እንደዚያ ነው የሆነው።

ሚኒሶታ የአሥር ሺህ ሐይቆች ምድር ትባላለች። በክረምት ሐይቁ ሲጋገር ሰዎች በላዩ እየተራመዱ፣ በረዶውን እየበሱ ዓሣ ያጠምዳሉ። አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን ልጄን ይዞት ሄደና ሦስት «ጂግ» ሰጠው። ጂግ ማለት አንገቱ ላይ የታጠፈ መንጠቆ ሆኖ፣ የእርሳስ ራስ የተደረገለትና ከራሱ ሥር ላባ ወይም ፀጉር በክር የታሰረበት ማጥመጃ ነው። ውኃ ውስጥ ላባው ሲርገበገብ ትልቁ ዓሣ ትንሽ ዓሣ መስሎት ይጎርሰዋል። ልጄ ሁለቱን በዚያው ቀን በጠሳቸው። ማታ ቪዲዮ ሲያይ አምሽቶ «ራሴ አስራለሁ» አለኝ። ላባውም፣ ክሩም፣ የእርሳስ ራስ ያለው መንጠቆም ለየብቻ ይሸጣል። የጎደለው መንጠቆውን ጨብጦ የሚይዝለት ዕቃ ነበር። ለማሰር ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ላባውን ይይዛል፣ ሌላው ክሩን ይጠመጥማል። ሦስተኛው እጅ ያ ዕቃ ነው። ሊ ዉልፍ የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ ዓሣ አጥማጅ መንጠቆውን በጣቶቹ ብቻ ይዞ በማሰር ይታወቅ ነበር። የእኛ ቤት ሰው ግን ሊ ዉልፍ አይደለም።

ሳላጣራ በሃያ አራት ዶላር አንዱን አዘዝኩለት። ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን የሚታሰር ነው። የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ጠርዝ ወፍራም ስለሆነ አልገባም አለ፤ እንደምንም የልጁ መጽሐፍ ማንበቢያ ላይ ታሰረ። የመጀመሪያውን ጂግ ሲጀምር ክሩን ጠበቅ ባደረገ ቁጥር መንጠቆው ይንሸራተታል። አጠበቀው፤ ተንሸራተተ። ሦስተኛው ላይ መንጠቆው ተፈናጥሮ ግድግዳውን መታ። ልጄ ዕቃውን ወርውሮ አለቀሰ።

ይኼኔ አባቴ ከመስኮቱ ተነሡ። ዕቃውን ከወለሉ አነሡና መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት። «ይኼ ሞርሳ ነው እንዴ?» አሉ። ልጄ እንባውን እየጠረገ «ቫይስ» አለ። «ምን ቫይስ! ሞርሳ ነው እንጂ። ትንሽ ሞርሳ!» ከሻንጣቸው ከጋራዡ ይዘውት የመጡትን አንድ ትንሽ ሞረድ አወጡ። ለምን እንዳመጡት ያን ቀን አልጠየቅኋቸውም። በሞረዱ መንጋጋውን ጫፉ ላይ ፈገፈጉት። ብረቱ እንደ ሳሙና ተላጠ። «አየህ? ጥሬ ብረት ነው። እሳትና ውኃ አልጠገበም። እንዲህ ያለው መንጠቆውን ሊይዝ ሲገባው መንጠቆው እሱን ይበላዋል» አሉት። ልጄ ከተናገሩት ግማሹን እንኳ የተረዳ አይመስለኝም። ሞረዱን ግን ተቀብሎ ራሱ ሞከረው።

መጀመሪያ መንጋጋውን

ከዚያ በኋላ ሦስታችንም ስለዚህ ዕቃ ብዙ ተማርን፤ ልጄ ከቪዲዮ፣ አባቴ ከእጃቸው፣ እኔ ከኪሴ። ይህን ዕቃ ለልጁ ወይም ለራሱ የሚገዛ ሰው ካለ የተማርነውን ላካፍል።

ዋናው መንጋጋው ነው። መንጋጋውን የሚያጠብቁ ሦስት ዓይነት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ከኋላ ያለን ትንሽ ማንሻ በመጫን የሚቆለፍ ነው፤ ፈጣንና የተለመደ ነው፤ ግን የመንጠቆው ውፍረት በተለወጠ ቁጥር መንጋጋውን እንደገና ማስተካከል ይጠይቃል። ሁለተኛው በብሎን የሚጠብቅ ነው፤ ዝግ ይላል፤ ሆኖም ለተለያየ ውፍረት ይመቻል። ሦስተኛው በራሱ ጉልበት የሚዘጋ ነው። ማንሻውን ስትጨብጡት ይከፈታል፤ ስትለቁት ይነክሳል። ሬጋል የተባለው የአሜሪካ ሥሪት የሚታወቀው በዚህ ነው። ጣታቸው ብሎን ለማዞር ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ይኼኛው ይቀላል።

የትኛውም ይሁን፣ ፈተናው አንድ ነው። የምታስሩበትን መንጠቆ ይዛችሁ ወደ መደብሩ ሂዱ። የመንጠቆውን ጉብጠት በመንጋጋው አስይዛችሁ የክር ቀዳዳው ያለበትን ጫፍ በአውራ ጣት ወደ ታች ተጫኑት። መንጠቆው እንደ ስፕሪንግ ተለጥጦ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ከመንጋጋው ውስጥ ከዞረ ወይም ከሸሸ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢረክስ አትግዙት።

ስለ መንጠቆ ቁጥርም ልንገራችሁ፤ እኔን አሳስቶኛልና። እንደ ጫማ ቁጥር አይደለም። ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆው ያንሳል፤ ስምንት ቁጥር ከአራት ቁጥር ያነሰ ነው። እዚህ ክራፒ ለሚባለው አፈ ስስ ዓሣ ከአንድ እስከ ሁለት ግራም ገደማ የሚመዝን ራስና ከስምንት እስከ አራት ቁጥር ያለ መንጠቆ ይበቃል። ለጥቃቅን መንጠቆዎች የተሠራ ቀጭን መንጋጋ ወፍራም መንጠቆ ቢያስነክሱት ጫፉ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የምታጠምዱትን ዓሣ ወስኑ፤ ሞርሳውን ከዚያ በኋላ።

በምን ይቆማል?

ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው እንደ እኛ የመጀመሪያው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚታሰረው ነው። ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ከታሰረ አይነቃነቅም። ግን ከመግዛታችሁ በፊት የጠረጴዛችሁን ጠርዝ ውፍረት ለኩ። ሁለተኛው ከባድ የብረት መቀመጫ ያለው ነው። የትም ይቀመጣል፤ በምሳ ሰዓት አንሥቶ ዞር ማድረግ ይቻላል። አንድ ጠረጴዛ ለምግብም፣ ለቤት ሥራም፣ ለሁሉም ለሚያገለግልበት እንደ እኛ ላለ ቤት የሚሻለው ይኼኛው ነው። መቀመጫው ቀላል ከሆነ ግን ክሩን ስትስቡ ሞርሳው ወደ እናንተ ይመጣል።

ይዞራል ወይስ አይዞርም?

ለጀማሪ የማይዞረው ይበቃል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። በማይዞር ሞርሳ ቆንጆ ጂግ ይታሰራል። የእኛን ምርጫ የወሰነው ግን የአባቴ ቀኝ እጅ ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ይንቀጠቀጣል። ቡና ሲጠጡ ስኒውን በሁለት እጅ ነው የሚይዙት። ክር በቀጭን መንጠቆ ዙሪያ መጠምጠም ለሳቸው ከባድ ነበር። አንድ ማታ ሲሞክሩ አይቼ ዞር አልኩ።

በሚዞረው ሞርሳ እጅ መዞር የለበትም፤ መንጠቆው ነው የሚዞረው። ክሩን የያዘው እጅ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ሌላው እጅ እጀታዋን ያሽከረክራል። ሲገዙ ልብ ማለት የሚገባው ነገር፣ መንጠቆው ሲዞር በቦታው ሆኖ፣ እንደ ሥጋ መጥበሻ ዘንግ ቀጥ ብሎ መዞር አለበት። ራሱ ብቻ ዞሮ መንጠቆው ክብ እየሠራ የሚንከራተት ከሆነ ሌላውን ጎን ለማየት ያገለግላል እንጂ ለመጠምጠም አይሆንም።

አንድ ቅዳሜ ሦስታችንም የዓሣ ማጥመጃ መደብር ሄድን። አዲሱ የሚዞር ሞርሳ ከመቶ ስልሳ ዶላር በላይ ነበር። ልጄ ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን አቅፎ ቆመ። አባቴ ግን ጥግ ላይ ያገለገሉ ዕቃዎች የተደረደሩበት መደርደሪያ ጋ ሄዱ። ቀለሙ የለቀቀ፣ መቀመጫው የከበደ አንዱን አነሡ። ከኮት ኪሳቸው መንጠቆ አውጥተው አስነከሱትና በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። እንደገና ተጫኑት። እጀታውን አዞሩት። ሻጩ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ያያቸው ነበር፤ ራሱን ነቀነቀ። አባቴ ወደ ልጄ ዞረው፣ «ሞርሳ በመንጋጋው ነው የሚገዛው። በቀለሙ አይደለም» አሉት። ልጄ ሰማያዊውን መለሰ። ሰማንያ አምስት ዶላር ከፈልኩ።

ስለ እርሳሱና ስለ ላባው

ልጅ ያለበት ቤት ስለሆነ ይህን ሳልናገር አላልፍም። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል። አባቴ ራሱን እኛው እናቅልጠው ብለው ነበር፤ በወጥ ቤቴ አይሆንም ብዬ ከለከልኳቸው። የተዘጋጀ ነው የምንገዛው። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ይነጠፋል፣ እያሰሩ መብላት የለም፣ ሲያበቁ እጅ በሳሙና ይታጠባል። የሚኒሶታ ምልክት የሆነው ሉን የሚባለው ወፍም ከሐይቅ ሥር የወደቀ እርሳስ እየዋጠ ይሞታል። ስለዚህ አሁን ከተንግስተን ወይም ከቆርቆሮ የተሠራ ራስ ስናገኝ፣ ዋጋው ቢወደድም፣ እሱን እንመርጣለን። ሌላው የጂጉ ሹል ጫፍ ነው፤ ከመንጋጋው ውጭ ስለሚቀር እጅ ይወጋል። ቡሽ ይሰኩበት።

መጨረሻ ላይ ቋጠሮው እንዳይፈታ ጠብታ ማጣበቂያ ይደረግበታል። ቀለም አልባ የጥፍር ቀለምም ይሠራል። የእኔ የት እንደጠፋ ያወቅኩት በዚህ ነው።

ላባው ደግሞ «ማራቡ» ይባላል። ልጄ ስሙን ሲጠራ ትርጉሙን ፈልጌ ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ማራቡ ማለት የእኛው አባ ኮዳ ነው። በሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን እየጠበቀ እንደ ሽማግሌ የሚቆመው ያ ራሰ በራ ወፍ! ድሮ ላባው ከእሱ ይወሰድ ነበር፤ ዛሬ የሚሸጠው ቀለም የተነከረ የቱርክ ዶሮ ላባ ነው፤ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ለአባቴ ስነግራቸው ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው ሳቁ። ያን ማታ ስለ አሞራ ገደል፣ ስለ ቆሮሶና ስለ አምባዛ ሲያወሩለት አመሹ። ልጄ ቆሮሶ በጂግ ይያዝ እንደሆነ ጠየቀ፤ በአማርኛ ነው የጠየቀው። አባቴ ቆሮሶ የውኃ አረንጓዴ የሚበላ ስለሆነ ላባ አያታልለውም፣ አምባዛ ግን ያገኘውን ሁሉ ይጎርሳል አሉት።

ከዚያ በኋላ እኔ ወደ ሥራ ስወጣ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ናቸው። አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ይጠመጥማል። የልጄ አማርኛ እየመጣ ሄደ፤ የሚያውቃቸው ቃላት ግን ሞርሳ፣ ሞረድ፣ ብሎን፣ ፒንሳ፣ አጥብቅ፣ አላላ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አንዲት እናት «እንዴት ነህ?» ብትለው «ጠብቋል» አላት።

በግንቦት ክራፒው ወደ ዳርቻ ሲጠጋ ሐይቅ ወረዱ። አባቴ ባሰሩት፣ ጠማማ በሆነው ጂግ ልጄ የመጀመሪያውን ያዘ። ቤት አምጥተው በበርበሬ ጠበስኩት።

ሞርሳው አባቴን አስቀረልኝ ብል ደስ ባለኝ። አላስቀረልኝም። በሰኔ መጨረሻ ሐዋሳ ተመለሱ። የእናቴ መቃብር እዚያ ነው፤ ወዳጆቻቸው እዚያ ናቸው፤ አልተከራከርኳቸውም። ሲሄዱ ሞረዱን ለልጄ ትተውለት ሄዱ። ለምን ይዘውት እንደመጡ ያኔ ጠየቅኋቸው። «ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን ነገር ትቼ መምጣት አቅቶኝ ነው» አሉኝ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኬን ቀምቶኝ ደወለላቸው። ካሜራውን ወደ ጠረጴዛው አዙሮ፣ «አባባ፣ ሞርሳው ላልቷል» አላቸው። «የቱ ጋ?» አሉ። «መንጋጋው ጋ።» «ከኋላ ያለችውን ብሎን ሩብ ዙር አጥብቃት። ሩብ ብቻ፤ አታስጨንቃት።» አጠበቃት። መንጠቆውን አስነከሰና በአውራ ጣቱ ተጫነው። ከሐዋሳ በኩል ድምፅ የለም፤ ይጠብቃሉ።

«ያዘ» አለ ልጄ።