በጋሞ ዞን ንጹሕ ምግብ በአነስተኛ ወጪ

አርባ ምንጭ፤ በአዲስ አበባና በሌሎች ታላላቅ ከተሞች «ተፈጥሯዊ» ወይም «ኦርጋኒክ» ተብለው በውድ ዋጋ ከሚሸጡት የምግብና የገላ መንከባከቢያ ዕቃዎች መካከል የሽፈራው ቅጠል ዱቄት፣ የሽፈራው ዘይትና ሳሙና ይገኙበታል። በጋሞ ዞን ቆላማ ቀበሌዎች ግን ይኸው ዛፍ ሀለኮ በሚለው ስሙ በየደጁ የቆመ፣ ቅጠሉም እንደ ጎመን ተቀቅሎ የዕለት ምግብ የሚሆን ነው።

ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰቦች ኬሚካል ያልነካው ምግብ የባለጸጋ ብቻ ነው ብለው ሲያስቡ ይታያል። በሌላ በኩል ማሳውን በፍግና በብስባሽ የሚያለማው ገበሬ ምርቱን ገበያ ሲያወርድ፣ ትናንት መድኃኒት ከረጨው ጎረቤቱ ጋር በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ሸማቹ ካልጠየቀ የሁለቱ ምርት አይለይም። ስለሆነም ጉዳዩ የኪስ ብቻ ሳይሆን የጤናም፣ የገበሬው ድካም ዋጋ ማግኘትም ጉዳይ ነው።

የምስክር ወረቀቱ ዋጋ

ኦርጋኒክ የሚለው ስም የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ከማሳው ሥራ በላይ የማረጋገጫው ወጪ ነው። በአውሮፓ ገበያ በዚህ ስም ለመሸጥ የሚፈልግ አምራች፣ ዓመታዊ ሰብል ከሆነ 2 ዓመት፣ እንደ ቡና ያለ ቋሚ ተክል ከሆነ ደግሞ 3 ዓመት ያህል የተከለከሉ ኬሚካሎችን ሳይጠቀም መቆየትና በየዓመቱ መመርመር አለበት። የምርመራውም ክፍያ በምርቱ ዋጋ ላይ ይጨመራል። በአገራችንም የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ወጥቷል። በዚህ መንገድ ተጠቃሚ የሆኑት በተለይ ቡናቸውን ወደ ውጭ የሚልኩ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ናቸው።

በሲቀላ ወይም በሴቻ ገበያ ጎመንና ሙዝ ከምትሸጥ እናት ግን የምስክር ወረቀት መጠበቅ አይቻልም። በዚህ ቦታ ማረጋገጫው ሻጩን ማወቅና አስተራረሱን መጠየቅ ነው። በብራዚልና በሕንድ ሸማቾችና ገበሬዎች በጋራ ማሳ እየጎበኙ እርስ በርስ የሚተማመኑበት አሠራር ተስፋፍቷል። በአርባ ምንጭም አምስት ስድስት ጎረቤታሞች ተባብረው አንድ ገበሬን ደንበኛ ቢያደርጉ፣ ማሳውን በዓይናቸው ለማየትና በጅምላ በመግዛት ዋጋ ለማስቀነስ ይችላሉ።

ደጋውና ቆላው

የአርባ ምንጭ ሸማች አንዱ ዕድል ደጋውና ቆላው መቀራረባቸው ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ጨንቻ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ አለው። በደጋው እንሰት የሚተከለው በቤት ዙሪያ ሲሆን ማዳበሪያው ከከብቶች በረት የሚወጣው ፍግ ነው። ከእንሰቱ የሚዘጋጀው ቆጮ በዚህ ረገድ ከንጹሕ ምግቦች ተርታ ይቆጠራል። ሆኖም ከደጋ የመጣ ሁሉ ኬሚካል አልነካውም ማለት አይደለም። ለገብስና ለድንች የፋብሪካ ማዳበሪያ የሚጠቀም፣ ለፖምም መድኃኒት የሚረጭ ገበሬ ሊኖር ስለሚችል መጠየቁ አይቀርም።

በቆላው ሙዝና ማንጎ ዋነኞቹ ናቸው። ሙዙ ጥሬውን በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይላካል። እዚያም በተዘጋ ክፍል በኬሮሲን ምድጃ ጭስ የማብሰል ልማድ አለ። የአርባ ምንጭ ነዋሪ ግን ጥሬውን እጅ ሙዝ ገዝቶ፣ ከአንድ ሁለት የበሰሉ ፍሬዎች ጋር በጆንያ ሸፍኖ በቤቱ ሊያበስለው ይችላል። የበሰለው ፍሬ የሚያወጣው ጋዝ ሌላውን ያበስለዋልና።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ቲማቲም ነው። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣው ቱታ አብሶሉታ የተባለ የቲማቲም ተባይ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ መታየቱ ከተረጋገጠ ወዲህ፣ አምራቾች መድኃኒት ደጋግመው ለመርጨት ተገደዋል። በየመድኃኒቱ መያዣ ላይ፣ ከተረጨበት ቀን አንሥቶ ምርቱ እስኪለቀም ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ተጽፏል። ጉዳት የሚመጣው ይህ ቀን ሳይጠበቅ ሲቀር ነው።

ስለዚህ ሸማቹ ለሻጩ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያቀርብ ይጠቀማል። አንደኛ፣ ማሳው የለማው በፍግ ነው ወይስ በፋብሪካ ማዳበሪያ? ሁለተኛ፣ መድኃኒት ተረጭቶ ከሆነ ከስንት ቀን በፊት ነው? ሦስተኛ፣ ተባዩን በምን ይከላከላሉ? በአመድ፣ ሰብል በማፈራረቅ ወይም ተወቅጦ በውኃ በተዘፈዘፈ የኒም ፍሬ የሚከላከል ገበሬ ሲገኝ እርሱን በደንበኝነት መያዝ ይገባል። ገንዘብ የሚያጥረው ቤተሰብ ሁሉንም ከዚህ ዓይነት ገበሬ መግዛት ባይችል፣ ቅድሚያ መስጠት ያለበት ከነልጣጩ ለሚበላው ቲማቲምና ለቅጠላ ቅጠል ነው። ሙዝና ማንጎ ልጣጫቸው ስለሚጣል ሁለተኛ ተራ ሊይዙ ይችላሉ። አትክልትን በወራጅ ውኃ እያሹ ማጠብ ከላይ ያለውን መድኃኒት ይቀንሳል እንጂ ወደ ውስጥ የሰረገውን አያስወግድም።

ሀለኮ በደጅ

ከሁሉም የሚረክሰው ግን ከገዛ ደጅ የሚቆረጠው ነው። ሀለኮ ድርቅ ይችላል፣ ከተቆረጠ በኋላም ቅጠሉን ደግሞ ደጋግሞ ያወጣል። ቅጠሉ የካልሲየም፣ የብረትና የቫይታሚን ኤ ምንጭ ሲሆን፣ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ዱቄት ተድቦልቡሎ ከሚቀቀለው ኩርኩፋ ጋር ይበላል። ዱቄት ማዘጋጀት የሚፈልግ ቤተሰብ ቅጠሉን አጥቦ በጥላ ሥር ማድረቅ አለበት። ፀሐይ በቀጥታ ከመታው ቫይታሚን ኤው ይጎዳል።

የተወቀጠ የሀለኮ ፍሬ የደፈረሰ ውኃ ያጠራል። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ጭቃውን ይዞ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ይሁን እንጂ የጠራ ውኃ ሁሉ ከጀርም የነጻ ስላልሆነ ከመጠጣቱ በፊት መፍላት ይኖርበታል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም የሀለኮን ዱቄት እንደ መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋቸዋል።

የፀጉርና የገላ እንክብካቤ

ለፀጉር ቅቤ፣ ለገላ እሬት መጠቀም የቆየ ልማድ ነው። ከሀለኮ ፍሬ የሚጨመቀውም ዘይት ለቆዳ ይስማማል። ቅቤ ባዕድ ነገር ሊቀላቀልበት ስለሚችል ከሚታወቅ ደንበኛ መግዛት ይመረጣል። እሬትን ደግሞ መጀመሪያ በክንድ ላይ በጥቂቱ ቀብቶ ቆዳው መቆጣት አለመቆጣቱን ማየት ያሻል።

ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምስክር እንዶድ ነው። የአገር ልብስ ሲያጸዳ የኖረውን ይህን ተክል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሲመለከቱ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች በመሆናቸው ግኝቱ ለጤና ታላቅ ጥቅም ሆነ። ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚገድል ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ እንዶድ የታጠበበትን ውኃ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ አለመድፋት፣ ፍሬውንም ከልጆች ማራቅ ግዴታ ነው።

በሌላ በኩል በገበያ በርካሽ ከሚገኙ ቆዳ የሚያነጡ ቅባቶች መካከል ሜርኩሪ ያለባቸው እንዳሉ የዓለም ጤና ድርጅት ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። ሜርኩሪ በተለይ ኩላሊትን ይጎዳል። ይዘቱና የአምራቹ ስም ያልተጻፈበትን ቅባት በዋጋው መርከስ ተታልሎ መግዛት፣ በመጨረሻ የሕክምና ወጪ ማምጣቱ አይቀርም።

ጠያቂ ሸማች፣ ተጠቃሚ ገበሬ

በየቀበሌው የሚገኙ የልማት ሠራተኞች ስለ ብስባሽ አዘገጃጀት፣ ስለ ኒምና ስለ መድኃኒት አረጫጨት የሚሰጡትን ትምህርት ገበሬው ከልቡ የሚቀበለው በገበያው ሲጠቀም ነው። ሸማቹ «ከስንት ቀን በፊት ተረጨ?» ብሎ መጠየቅ ከጀመረ፣ ቀኑን ጠብቆ የለቀመው ገበሬ ደንበኛ ያገኛል፣ ያልጠበቀውም ለሚቀጥለው ይጠነቀቃል። ጥያቄው ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ከዚህ ጋር እያንዳንዱ ቤተሰብ በደጁ አንድ ሁለት የሀለኮ ችግኝ ቢተክል፣ በጓሮው ወይም በአሮጌ ጆንያ ውስጥ በብስባሽ ጎመን ቢያለማ፣ ከገበያ የሚገዛው ቀንሶ የቀረችውን ገንዘብ ለንጹሕ ምርት ለማዋል ይችላል።