አባትሽ ማነው? የድቅል አውሬዎች ዳሰሳ

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም አቀበቱን በበቅሎ የወጣ ሰው ተረቱን ያውቀዋል፤ በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች። ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የሚዞረው ላይገር ግን አባቱን አይደብቅም፤ ስሙ ራሱ ከአባቱ ይጀምራል። አባቱ አንበሳ፣ እናቱ ታይገር። አባትየው ታይገር ከሆነ ደግሞ ታይገን ይባላል። እኛ ታይገርንም «ነብር» ስለምንለው፣ ብዙ ሰው ላይገርን የአንበሳና የአገራችን ነብር ልጅ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ድቅልም ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ጃፓን ውስጥ ተወልዶ ሊዮፖን ተብሏል። ሁሉም የአጥር ውስጥ ፍጥረቶች ናቸው፤ ወንዶቹም መካን ናቸው። ከላይገሩ ግዝፈት በቀር ብዙ የሚያስደንቅ አላየሁባቸውም።

የአገራችን አንበሳ ጉዳይ ከዚህ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በአዲስ አበባው አንበሳ ግቢ የነበሩ 15 አንበሶችን ዘረመል መርምሮ ከሌሎቹ የተለዩ ሆነው አገኛቸው። «ንጹሕ የኢትዮጵያ ዘር» የሚለው ወሬም ያኔ ተስፋፋ። ኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ኢትዮጵያን የሰሜኑና የደቡቡ አንበሳ ዘር የሚገናኙባት አገር አድርገው አሳዩ። ንጽሕናው ላይ መማል ያስቸግራል።

የእኔ ልብ ያለው ግን አቡነ ዮሴፍ ላይ ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በዚህ የላስታ ተራራ፣ በጓሳውና በጅብራው መካከል ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድናል። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩም ባሌ ይኖራል። ባሌ ውስጥ በዌብ ሸለቆ አፍንጫቸው ያጠረ፣ ሰውነታቸው የደነደነ፣ ቀለማቸውም የተለየ ቀበሮዎች ታዩ። ዘረመላቸው ሲመረመር እናታቸው ቀይ ቀበሮ፣ አባታቸው የመንደር ውሻ ሆኖ ተገኘ። እነዚህም ቢጠየቁ የሚመልሱት እንደ በቅሎዋ ሳይሆን አይቀርም። ልዩነቱ በቅሎ መካን መሆኗ ነው፤ የቀበሮና የውሻ ድቅል ግን ይወልዳል፣ ስለዚህ የውሻው ደም በትንሹ መንጋ ውስጥ ይሰርጻል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላ ዘመድ አለ። ደጋ ላይ በግ የሚሰርቀውና እረኛው «ቀበሮ» እያለ የሚያባርረው አውሬ፣ ሳይንስ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ከእስያው ቀበሮ ጋር ይቆጥረው ነበር፤ አሁን የአፍሪካ ተኩላ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ 72 በመቶው ከግራጫ ተኩላ፣ 28 በመቶው ከቀይ ቀበሮ ወገን እንደመጣ ገመተ። ማለትም ድቅልነት ውርደት ነው ካልን፣ ይህ ጤነኛና ብዙ የሆነ አውሬም ድቅል ነው። ሰው ያልነካው የጥንት መዳቀልና ውሻ ከመንደር ይዞት የሚወጣው መዳቀል ግን አንድ አይደሉም።

ላስታ ውስጥ የገብስ እርሻ ወደ ጓሳው እየገፋ ሲወጣ ውሻውም ባለቤቱን ተከትሎ ይወጣል። ውሻው የሚያመጣው ደግሞ መዳቀልን ብቻ አይደለም። ባሌ ውስጥ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደጋግሞ የተነሳው የውሻ እብደት ብዙ ቀይ ቀበሮ ገድሏል፤ ጥበቃው ውሾቹን በመከተብ የጀመረውም ለዚሁ ነው። ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በምግብ ውስጥ የሚሰጠው ክትባት የተጀመረው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።