የከተማ መዝገብን በኮምፒዩተር ስለ መመርመር

በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቈረቈረችው ከተማ በቈዩት የአማርኛ ወረቀቶች ላይ አንድ አጻጻፍ የላትም፤ ሐዋሳ፥ ሀዋሳ፥ ሃዋሳ፥ አዋሳ ትባላለች። ለሰው ይህ ምንም አይደለም። የይዞታ ሰነድ የሚመረምር ኮምፒዩተር ግን የሚያየው አራት ከተማ ነው፤ በአንዱ ፊደል ቢፈለግ በሌላው የተጻፈው ካርታ እንደሌለ ይቈጠራል፥ ባለይዞታውም ይጉላላል። ስለዚህ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት አስቀድሞ ማስማማት ያሻል፤ «ሠረቀ»ን ከ«ሰረቀ» ማደባለቁ የቅኔ መምህራንን ቢያስቈጣም። «አዋሳ» ግን በድምፅም ስለሚለይ በስም ዝርዝር መመዝገብ አለበት።

የሚከብደው ግሡ ነው። አንዱ መሐንዲስ «ግድግዳው ተሰንጥቋል»፥ ሁለተኛው «መሰንጠቁን አይተናል»፥ ሦስተኛው «ስንጥቅ አለበት» ብሎ ይጽፋል። ኮምፒዩተሩ ቅጥያውን ገፎ ሥርወ ቃሉን ካላገኘ፥ ሦስቱ ሪፖርቶች ስለ አንድ ዐይነት ጉድለት እንደሚናገሩ አያውቅም።