ታላቁና ታናሹ፦ የታሚል የገጠር ፊልም ስለ ተቀያየሙ ወንድማማቾች የሚነግረን

በደማም፣ በአል ኾበርና በዛህራን የገበያ ማዕከላት በሚገኙ ሲኒማ ቤቶች፣ ከአረብኛና ከእንግሊዝኛ ፊልሞች ጎን የሕንድ ፊልሞችን ማስታወቂያ ማየት ዛሬ የተለመደ ነው። ልማዱ ግን ገና ለጋ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ተዘግተው የቆዩት ሲኒማ ቤቶች ዳግም ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 በሪያድ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በአገሪቱ ሲኒማ ለሕዝብ የቀረበው የመጀመሪያው የሕንድ ፊልም ራጂኒካንት የተወነበት «ካላ» ነበር። ፊልሙ የታሚል እንጂ የሂንዲ አለመሆኑን ብዙዎች ልብ አላሉትም። ምሥራቃዊው ግዛት በበኩሉ ከምስል ጋር የቆየ ትውውቅ አለው፤ የአራምኮ ቴሌቪዥን ከዛህራን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ሲሆን፣ የመጀመሪያው የሳዑዲ ፊልም ፌስቲቫልም በ2008 የተካሄደው በደማም ነው።

በዚህ አካባቢ በጋራዥ፣ በወጥ ቤት ወይም በሆስፒታል ከታሚል ተወላጆች ጋር የሚሠራ ኢትዮጵያዊ «አና» እና «ታምቢ» የሚሉትን ቃላት ሳይሰማ አይቀርም። የመጀመሪያው ታላቅ ወንድም፣ ሁለተኛው ታናሽ ወንድም ማለት ነው። ባዕድ የሆነ ሰው እንኳ በዕድሜው ልክ በአንዱ ይጠራል፤ እኛ ዘንድ «ጋሼ» እንደሚባለው ማለት ነው። ታሚል ግን በዚህ አያቆምም። የአባት ታላቅ ወንድም «ፔሪያፓ»፣ ማለትም ትልቁ አባት፣ ታናሹ ደግሞ «ቺታፓ»፣ ትንሹ አባት ይባላል። አማርኛ ሁለቱንም «አጎት» ብሎ ያልፋቸዋል። አረብኛ የአባትን ወንድም «ዐም»፣ የእናትን ወንድም «ኻል» ብሎ ይለያል፤ ታላቅና ታናሽ መሆናቸውን ግን አይነግርም። ስለዚህ ፊልሙን በግርጌ ጽሑፍ የሚከታተል ተመልካች፣ ተዋናዩ በአንዲት ቃል የሚያመለክተውን የማዕረግ ልዩነት አያገኘውም። በታሚል የገጠር ድራማ ደግሞ የጠቡ ሥር ብዙ ጊዜ ያለው እዚያው ላይ ነው።

ለዚህ እጅግ ግልጹ ምሳሌ በ1992 የወጣው «ቴቫር ማጋን» ነው፤ ትርጉሙ የቴቫር ልጅ ማለት ነው። ድርሰቱን ጽፎ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ካማል ሃሳን፣ ያዘጋጀው ባራታን፣ ሙዚቃውን የሠራው ኢላያራጃ ነው። በታሪኩ ውስጥ ሙሉ ወንድማማች ያልሆኑ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ፔሪያ ቴቫርና ቺና ቴቫር፣ ማለትም ታላቁና ታናሹ። ስማቸው ራሱ ደረጃቸውን ይናገራል። ታላቁን የተጫወተው አንጋፋው ሲቫጂ ጋኔሳን ነው።

የታላቁ ልጅ ሳክቲ ከለንደን ትምህርቱን ጨርሶ ከሚወዳት ልጅ ጋር ይመለሳል። ምኞቱ በከተማ ምግብ ቤቶች መክፈት ነው፤ አባቱ ግን እውቀቱን ለመንደሩ እንዲያውለው ይፈልጋሉ። ከውጭ የተመለሰ ልጅና የሚጠብቀው ቤተሰብ የሚለው ይህ ጉዳይ ለዚህ ገጽ አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም። ሳክቲ የመንደሩን ነገር ሳያጠና፣ በሁለቱ ወገኖች ጠብ የተዘጋውን ቤተ መቅደስ ቁልፍ ያስከፍታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማንም አያቆመውም። ቁልፉን የከፈተው አሽከር ኢሳኪ ክንዱን ያጣል፤ ጎጆዎች ይቃጠላሉ፤ የታናሹ ልጅ ማያን የውኃውን ግድብ አስፈርቶ መንደሩን በጎርፍ ያስመታል።

ጠቡ የሚባባሰው በምን ላይ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ በቁልፍ፣ በውኃ፣ በአጥር በተዘጋ የእግር መንገድ። በአማራ ገጠር የድንበርና የመስኖ ክርክር ያየ ሰው ይህን ትንሽ ነገር ነው አይልም። ልዩነቱ ግን በሽምግልናው ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ከሁለቱም ወገን ተመርጦ ደም ያደርቃል። በፊልሙ ውስጥ ፔሪያ ቴቫር የመንደሩ ዳኛም ናቸው፣ የጠቡ ባለቤትም ናቸው። ስለዚህ በጉባኤው ፊት ሲዋረዱ የሚቆምላቸው ገለልተኛ ሰው የለም፤ ልባቸው ተሰብሮ ይሞታሉ። ሳክቲም ለንደንንና ፍቅሩን ትቶ የአባቱን ቦታ ይይዛል፤ ሙሽራው በማያን ፍርሃት የሸሸባትን ልጅ ክብሯን ለማዳን ያገባል። ይህችን ልጅ ሬቫቲ ተጫውታዋለች፤ ጥቂት ቃላት ብቻ ይዛ ፊልሙን ከሁሉም በላይ የተሸከመችው እርሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመጨረሻ ሳክቲ ሳያስበው ማያንን ይገድላል፤ መንደሩ ወንጀሉን ልንሸከምልህ ቢለውም እምቢ ብሎ እጁን ለሕግ ይሰጣል።

ፊልሙ በሕንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት 5 ሽልማቶችን አገኘ፤ ሬቫቲና ድምፃዊቷ ኤስ. ጃናኪ ከተሸላሚዎቹ መካከል ነበሩ። ለሲቫጂ ጋኔሳን የተሰጠውን ልዩ ሽልማት ግን እርሱ አልተቀበለም። በ1997 ፕሪያዳርሻን «ቪራሳት» በሚል ርእስ በሂንዲ እንደገና ሠራው።

ይሁንና «ቴቫር» የአንድ ሰው ስም ብቻ ሳይሆን በደቡብ ታሚል ናዱ የሚኖር ማኅበረሰብ መጠሪያም ነው። በዚህም ምክንያት ፊልሙ ጠብን እያወገዘ የአንድን ጎሣ ኩራት ከፍ አድርጓል የሚል ወቀሳ ለዓመታት ተከትሎታል። ዳይሬክተር ማሪ ሴልቫራጅ ከወቃሾቹ አንዱ ሲሆን፣ ክንዱን ያጣው ኢሳኪ ዋና ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ምን ይመስል ነበር የሚለውን ጥያቄ ይዞ በ2023 «ማማናን» የተባለውን ፊልም አወጣ። በዚያ ፊልም ዋናውን ሰው የተጫወተው ቫዲቬሉ ነው፤ ከ31 ዓመታት በፊት ኢሳኪን የተጫወተው ያው ተዋናይ።