አበባውን በዓይን፣ መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የአርሲ ምድር መልኩን ይለውጣል። በጄጁ ወረዳ በአርቦዬ ዙሪያ ቢሆኑም፣ ከአሰላ ተነስተው ወደ ጭላሎ ተራራ ቢያቀኑም፣ አደይ አበባ ዳገቱን ቢጫ አልብሶት ያገኙታል። ታዲያ ይህ ወቅት ለጤናም ይጠቅማል።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጸጥ ባለው ጫካ ዳር ቢራመዱ ልብዎ ይጠነክራል፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታም እንዳያጠቃዎ ይረዳዎታል።

በመንገድዎ ላይ የሚያገኟቸውን ዕፅዋት ግን ለይተው ይወቁ።

ቀጋ፦ እሾሃማ ሲሆን አበባው ነጭ ነው። የበሰለው ቀይ ፍሬ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው። ሲበሉት አጥበው፣ ጉሮሮ የሚከረክረውን የውስጡን ጸጉርና ዘር አውጥተው ይሁን።

ኮሶ፦ በደጋው ጫካ የሚገኝ ዛፍ ነው። ወንዴውና ሴቴው ዛፍ የተለያዩ ሲሆኑ፣ ለትል ማስወጫ ሲያገለግል የኖረው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። ሆኖም ኃይሉ በደረቀበትና በቆየበት ጊዜ ስለሚለያይ በቤት ውስጥ መጠኑን ማወቅ አይቻልም። ሲበዛ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፣ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ መጠጣት የለባትም፤ ሊያስወርዳት ይችላል። የኮሶ ትል ካለብዎ በጤና ጣቢያ ታዘው እንደ ፕራዚኳንተል ያለ መድኃኒት ይውሰዱ። ከሁሉም የሚሻለው ግን የበሬ ሥጋን በደንብ አብስሎ መብላት ነው፤ ትሉ የሚተላለፈው በጥሬና ባልበሰለ ሥጋ ነውና።

አስተናግር፦ በመንደር ዳርና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ ይበቅላል። አበባው ነጭና ጡሩምባ መሰል፣ የፍሬው ሽፋን እሾሃማ ነው። መርዝ ነው! ዘሩን የበላ ልጅ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ይቃዣል። ይህን ካዩ ለማስመለስ ሲሞክሩ ጊዜ አያጥፉ። የተክሉን ቅጠል ወይም ፍሬ ይዘው ልጁን ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ያድርሱ።

እንግዲህ በዚህ መስከረም ልጆችዎን ይዘው ይውጡ። አደዩን እያሳዩ ስሙን ያስተምሯቸው፤ አስተናግርንም እንዲሁ ያሳዩአቸው። የማያውቁትን ፍሬ ወደ አፋቸው እንዳያስገቡ ያኔውኑ ይንገሯቸው።